«ሉክ ፎር» ብዬ የጻፍኩባቸው እናት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ተማሪ ያዘኝና «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ ከግሡ በኋላ ‹ቱ› መጣ ‹ፎር› መጣ ምን ለውጥ አለው? ሐሳቡ ከገባቸው በቃ አይደል?» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር አንዲት ነገር ብዬው ሄድኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

1987 ዓ.ም. ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ጀማሪ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። አንዲት እናት ባናቸውን ደርበው፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው መጡ። ልጁ እናትም አባትም የለውም። ውጭ አገር ላለ አንድ ረጂ ድርጅት ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ማታ በኩራዝ ጻፍኩት። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የእስክሪብቶው ቀለም አልወርድ እያለ በትንፋሼ አሞቀው ነበር።

«አያቱ ያሳድጉታል» ለማለት «ሉክ አፍተር» ማለት ሲገባኝ «ሉክ ፎር» አልኩ። አያቱ ልጁን እየፈለጉት ነው ማለት ነው። ከሦስት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ «ልጁ ሲገኝ አሳውቁን» ይላል። ልጁ እኮ ፊቴ ቆሟል! የአያቱን ባና ጫፍ እየጠቀለለ ያየኛል። እንደገና ጻፍኩ። ዝም አሉ። እማማ ግን በየገበያው ቀን ብቅ ብለው «መምህር፣ ዛሬስ ወረቀቱ አልመጣም?» ይሉኛል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልነግራቸው ተዛወርኩ።

የሚያሳስተን አማርኛችን ነው። እኛ «ጠበቅሁህ» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሳለን፤ «ዌይት» ግን የሚጠበቀውን ሰው ሲጠራ ያለ «ፎር» አይሄድም። «አዳመጥኩት» እንላለን፤ «ሊስን» «ቱ»ን ይፈልጋል። በተቃራኒው «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ማለት ስለለመድን «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት»ን አይፈልግም። ስለዚህ ግሡን ብቻውን ደብተራችሁ ላይ አታስፍሩ። ከነጓደኛው፣ ስለራሳችሁ ሕይወት በሚናገር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጻፉት።

የዛሬ ልጆች ስልኩ ያርመዋል ትላላችሁ። እሱን ተዉት። «ሉክ ፎር» በራሱ ያልተሳሳተ እንግሊዝኛ ነው፤ እማማ ያሳድጉት ይፈልጉት ስልኩ ከየት ያውቃል?

ስትናገሩ ግን አትፍሩ። ክፍል ውስጥ የተሳሳተን ልጅ ገሥጬ አላውቅም፤ አፍ የሚፈታው በስሕተት ነው። የሰው ጉዳይ ይዛችሁ ስትጽፉ ነው እጃችሁ ሊከብድ የሚገባው።

ያንን ተማሪ «ግድ የለም፣ ይገባቸዋል» ብዬው ነበር። ይህን ካነበበ፣ መልሴን ቀይሬያለሁ።