መልስ፦ ሥልጠናው ይቆይ፣ መጀመሪያ ንባቡን ያዳምጡ

ጤና ይስጥልኝ። የሚያግዟት ጀማሪ የሁለተኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ታብሌቶቹን እንደማትነካቸው ገልጸው፣ በየትኛው ሥልጠና ልጀምርላት ብለዋል። በእኔ እምነት ሥልጠናው ይቆይ። ክፍሏ ገብተው ልጆቹ ሲያነቡ ያዳምጡ፤ የሚቸገሩት «ሊ» እና «ሌ»ን በመለየት ነው ወይስ ፊደሉን እያወቁ ንባቡን ይጎትታሉ? መሣሪያው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

መጎተት ከሆነ የራሷ ስልክ ድምፅ መቅጃ ይበቃል። አጭር ምንባብ አንብባ ትቅዳ፤ ልጆቹ እየሰሙ መስመሩን በጣታቸው ይከተሉ፣ ከዚያም የራሳቸውን ንባብ ቀድተው ያድምጡ። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ «አለ» የቱ ጋ እንደሚጠብቅ ልጅ የሚለምደው ከሚሰማው ነው። ምንባብ ካጠራት አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ በነፃ የሚወርዱ የአማርኛ ታሪኮች አሉት፤ አስቀድመው ያውርዱላት፣ የትምህርት ቤት ኢንተርኔት አይታመንም።

አደራ፣ ታብሌቱን ከእጇ ነጥቀው አያሳዩ፤ በተማሪዎቿ ፊት ከዚህ የከፋ የለም። ከኋላ ተቀምጠው ሁለት ልጆችን ብቻ ይከታተሉ። ውይይታችሁም «እነዚህ ሁለቱ የትኛው ቃል ላይ ቆሙ?» ከሚለው ይጀምር።