ያመለጣችሁን ቃል አታሳድዱት

ልጆቼ፣ እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከተማሪዎቼ አፍ ያልጠፋ አንድ ቅሬታ አለ፦ «ቲቸር፣ ሳነበው ይገባኛል፤ ሲያወሩት ግን ይጠፋብኛል።»

በ1997 ዓ.ም. በቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የፕላዝማ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ችግሩ አፍጥጦ ወጣ። የስክሪኑ አስተማሪ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ይሰጥና መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ «አንድ ቃል ያመልጠኛል፤ እሱ ምን ነበር ስል አሥሩ ያልፈኛል» አለችኝ። ችግሯን ከእኔ በተሻለ አውቃው ነበር። እኔ ግን «ደጋግመሽ አድምጪ» ብዬ ሸኘኋት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደጋግሞ መስማት ብቻውን አያሻግርም። ላሪ ቫንደርግሪፍት የተባሉ የካናዳ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ፈረንሳይኛ የሚማሩ ሁለት ቡድኖች ያንኑ ቅጂ እኩል ጊዜ አደመጡ። አንደኛው ቡድን ግን አስቀድሞ ይገምታል፣ እያደመጠ ግምቱን ያጣራል፣ ከጓደኛ ጋር ያስተያያል፣ በመጨረሻም እንዴት እንዳደመጠ ራሱን ይገመግማል። በፈተናው የበለጠው ይኸኛው ነው፤ ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ በማዳመጥ ደካማ የነበሩት ናቸው። ምሁራኑ ሜታኮግኒሽን ይሉታል፤ የራስን አስተሳሰብ መታዘብ ማለት ነው።

ዛሬ ማታ ሞክሩት። ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ፣ ጽሑፉም አብሮት ያለ የእንግሊዝኛ የድምፅ ዜና ስልካችሁ ላይ ምረጡ። ርዕሱን ብቻ አንብባችሁ ምን ሊነገር እንደሚችል ጻፉ፣ በአማርኛም ይሁን። ስለ ጎርፍ ከሆነ የቦታ ስም፣ ዝናብ፣ የተፈናቀሉ ሰዎች ቁጥር መምጣቱ አይቀርም። ከዚያ ሳታቋርጡ አድምጡ። ያመለጣችሁን ቃል ልቀቁት፤ ብዙ ጊዜ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያካክሰዋል። ደግማችሁ አድምጡ። ጽሑፉን የምታዩት በሦስተኛው ነው።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ያልሰማችሁትን ቃል ጽሑፉ ላይ ስታገኙት «ለምን አመለጠኝ?» በሉ። ቃሉን ጭራሽ አላውቀውም? ወይስ እያወቅሁት ድምፁ ተቀየረብኝ? እኔ እንዳየሁት አብዛኛው ሁለተኛው ነው። እኛም «የት አለ» ብለን ጽፈን ስንናገር «የታለ» እንላለን፤ አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «አለ»ን ፈልጎ ያጣታል። እንግሊዝኛም «ጎይንግ ቱ» ብሎ ጽፎ ሲያወራ እንደ በዓላችን ስም «ገና» ይላል። ይህን ያላወቀ ልጅ ጆሮዬ አይሰማም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ጆሮው ግን ምንም አልሆነም።

ምክንያቱን ከነቀኑ በአንድ መስመር ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። ከወር በኋላ ስትገልጡት አንዱ ምክንያት ተደጋግሞ ታገኙታላችሁ፤ በሚቀጥለው ወር እሱን ብቻ ተለማመዱ።