የሌሊት ሰማይን ፎቶ ለምታነሱ የወሎ ወጣቶች

ልጆቼ፣ አብሽሩ፤ ለመጀመር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ቅንብሩን በእጅ የምትቀይሩበት (ማኑዋል) ካሜራ ወይም ይህንኑ የሚፈቅድ ፕሮ ሞድ ያለው ስልክ፣ የማይነቃነቅ ትራይፖድና አንድ ጋቢ ይበቃል።

ቀኑን በጨረቃ ምረጡ። በወሎ ይህን የሚቆጥር ጎረቤት አይጠፋም፤ የእስልምና ወር በጨረቃ ስለሚሄድ ከ27 ጀምሮ አዲሷ ጨረቃ እስክትታይ ያሉት ሌሊቶች ጨለማ ናቸው። የፍኖተ ሐሊብን (ሰማይን የሚያቋርጠውን ነጭ የከዋክብት ጎዳና) ደማቅ ክፍል በመጋቢት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም በደቡብ ምሥራቅ፣ በጥቅምት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ታገኙታላችሁ። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ መጋቢት ላይ የበልግ ደመና ያስቸግራል፣ ክረምት ያጠበው አየር ግን ጥርት ያለ ነው።

ለፉል ፍሬም ካሜራ (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ ለሆነ) በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 2.8፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ 20 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ሰከንዱ የሚገኘው 500ን ለ24 በማካፈል ነው፤ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ከዚያ ካለፋችሁ ኮከቡ ሰረዝ ይሆናል። ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ 13 ሰከንድ ይብቃችሁ። በራው (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ እጃችሁ ካሜራውን እንዳያነቃንቅ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ።

ብዙ ሌሊት የሚያበላሸው ፎከስ ነው። አውቶፎከስ በጨለማ የሚይዘው አያገኝም። ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ 10 እጥፍ አጉልታችሁ፣ ነጥቡ እጅግ እስኪያንስ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በቀስታ አዙሩ። ከዚያ ምስሉን አንብቡት፤ ስህተቱን ራሱ ይነግራችኋል። ኮከቦቹ ሁሉ ክብ ክብ ካሉ ፎከስ ስቷል። ቀጥ ብለው ከተሰረዙ ጊዜው ረዝሟል፤ ከተጣመሙ ነፋስ ነክቶታልና ከትራይፖዱ ሥር ድንጋይ የሞላ ቦርሳ አንጠልጥሉ። ጥርት ብሎ ጀምሮ እየደበዘዘ ከሄደ ሌንሱ ጤዛ ይዟል። ሐይቅ ዳር ይህ ይበዛል፤ ደረቅ ጨርቅ አይለያችሁ።

ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ስልክ አንዴ ካበራችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ያንን ግማሽ ሰዓት እንደ ብክነት አትዩት። ማንም የማይጠራችሁ፣ ምንም የማትመልሱበት ጊዜ ነው፤ ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው። ሰማዩም ያኔ ይለመዳል። ኮከብ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ሲወጣ ታስተውላላችሁ። የሰሜን ኮከብ ከደሴ ሲታይ ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ክንድ ዘርግቶ ከአንድ ጭብጥ ብዙም አይበልጥም፣ አንድ ጋራ ይጋርደዋል።

ስትመለሱ ካሜራውን በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ አንድ ሰዓት ተዉት፤ የቤት ሙቀት በቀዝቃዛ ሌንስ ላይ ውሃ ያቋጥራል። እስከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን በደብተር ጻፉ፤ ያው ኮከብ በዓመቱ በዚያው ሰዓት በዚያው ጋራ ጫፍ ላይ ይገኛል።