ከላክሮስ ሜዳ ዳር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ስለ አሜሪካው የፕሮፌሽናል ላክሮስ ሊግ አንድ መስመር ጣል ባደርግ የጥያቄ መዓት መጣብኝ። እስቲ የተወሰኑትን እንያቸው።

የላክሮስ ዱላ ሳይ የገና ጨዋታ ትዝ ይለኛል። ዝምድና አላቸው? (ከአዲስ አበባ)

የላቸውም። የኛ የገና ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ ሩሯን መሬት ለመሬት እንመታታለን። የላክሮሱ ዱላ ግን ጫፉ ላይ መረብ አለው። ከድፍን ጎማ የተሠራችውን ኳስ በመረቡ ይቀልቧታል፣ ይዘዋት ይሮጣሉ፣ ከዚያ ይወነጭፏታል። ጨዋታው የሃውደኖሾኒና የሌሎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው።

አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር ግን አለ፤ ዱላው ኳስ ብቻ መትቶ አይመለስም። በሕጉ መሠረት ዱላ የጨበጠ እጅ የዱላው አካል ስለሆነ ጓንቱ ላይ ቢያሳርፉበት ጥፋት አይባልም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እዚያም ይሠራል ማለት ነው።

ልጄ ዊፕስኔክስ የሜሪላንድ ቡድን ነው ይላል። ጓደኛው ደግሞ ከተማ የለውም ብሎ ይከራከረዋል። ማን ነው ልክ? (አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጅሽ ልክ ነው፤ ጓደኛው የድሮውን ነው የያዘው። ያኔ ተጫዋች የነበረው ፖል ራቢልና ወንድሙ ማይክ ያቋቋሙት ፕሪሚየር ላክሮስ ሊግ በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በስድስት ቡድን ሲጀምር አንዱም ከተማ አልነበረውም። ሁሉም ቅዳሜና እሁድ አንድ ከተማ ላይ ይሰባሰቡና ይጫወታሉ፤ በሌላው ሳምንት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ። ልክ እንደ ሰርከስ። ወጪ ይቀንስ ይሆናል፣ እኔ ግን አልወደድኩትም። ሰው የሰፈሩን ቡድን ካልደገፈ ማንን ሊደግፍ ነው?

ኋላ ቡድኖቹ ስምንት ደረሱ፤ በ2024 ለስምንቱም አካባቢ ተሰጣቸው። ካነንስ ለቦስተን፣ አትላስ ለኒውዮርክ፣ አርቸርስ ለዩታ፣ ዊፕስኔክስ ለሜሪላንድ ደረሰ። የዊፕስኔክስ ተገቢ ነው፤ ሲጀመርም ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በወጡ ልጆች የተሞላ ቡድን ነበር። የ2019 እና የ2020 ዋንጫዎችንም የወሰደው እሱ ነው።

ሜሪላንድ ላክሮስን የግዛቷ የቡድን ስፖርት ያደረገችው በ2004 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1962፣ በሕግ የመረጠችው ስፖርት ግን ምን መሰለሽ? በፈረስ እየጋለቡ የሚካሄድ የጦር ግጥሚያ። ጉግስን ላየ ሰው አይገርምም።

አንዱ ተጫዋች ኳስ ያገኝና ወዲያው ሮጦ ይወጣል። ተጎድቶ ነው?

ኧረ ደህና ነው! ሥራው ያችው ናት። ከእያንዳንዱ ጎል በኋላ ሁለት ተጫዋቾች መሃል ሜዳ ፊት ለፊት ያጎነብሳሉ። ኳሷ መሬት ላይ፣ በሁለቱ ዱላዎች መሃል ትቀመጣለች። ፊሽካው ሲነፋ ሁለቱም የዱላቸውን መረብ ገልብጠው ሊጫኗት ይታገላሉ። ያሸነፈው ኳሷን ለጓደኛው አቀብሎ ወደ ተቀያሪ ወንበር ይሮጣል፤ ጨዋታው ሳይቆም ሌላ ይተካዋል። የአትላሱ ትሬቨር ባፕቲስት በዚህ ሥራ በ2022 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ለኔ ከጎሉ ይልቅ ይህን ማየት ይጥመኛል።

በ2018 የላክሮስ ዓለም ዋንጫ እዚህ እስራኤል፣ ነታንያ ሲካሄድ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው ማን ነበር?

ቶም ሽራይበር። ሰዓቱ ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ሲቀረው አስቆጥሮ አሜሪካ ካናዳን 9 ለ 8 አሸነፈች። ኋላም ከአርቸርስ ጋር የ2023 እና የ2024 ዋንጫዎችን አንስቷል።

ደመወዛቸው ያኖራል?

እንደ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾቹ አድርጋችሁ አታስቡት። ከ2001 ጀምሮ በነበረው በቀድሞው ሊግ ብዙዎቹ በሳምንቱ መሃል ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። አዲሱ ሊግ ሲመጣ ክፍያውን አሻሻለ፣ የጤና መድን ጨመረ፣ ከሊጉም ድርሻ ሰጣቸው። እንዲያም ሆኖ ውድድሩ በዋናነት በአሜሪካ በጋ፣ ማለትም በኛ ክረምት ነው። በቀሪው ወራት ሕፃናት እያሠለጠነ የሚኖረው ተጫዋች ብዙ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፣ የልጅሽ አሠልጣኝ ከነሱ አንዱ እንዳይሆን፤ እስቲ ጠይቂው።