የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለኦንላይን ጌም የትኛው ዕቃ ይቀየር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 ዴስክቶፕ ገዝቼ ነበር። ቀጭኑ ዓይነት ሲሆን አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም እና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው፤ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ ግን የለውም። ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ካውንተር ስትራይክ 2 እጫወታለሁ። ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ከ30 አያልፍም፤ ጭስ ሲወረወር ደግሞ ጨርሶ ይቆራረጣል። ያጠራቀምኩት 30 ሺህ ብር አለኝ። አንዱ ጓደኛዬ ፕሮሰሰሩን ወደ ኮር አይ7 ቀይር ይለኛል፣ ሌላው ግራፊክስ ካርድ ግዛ ይላል፣ አንድ ባለሱቅ ደግሞ ሽጠህ ሌላ ግዛ አለኝ። የማንን ልስማ? (አንባቢ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ሦስቱም የመከሩዎት ኮምፒውተርዎን ሳይለኩ ነው። የእያንዳንዳቸው ምክር የሚሠራበት ኮምፒውተር አለ፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ግን ያጠራቀሙትን ገንዘብ ማውጣት አይገባም። ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ምንም ሳይገዙ፣ ጌሙ ክፍት እንዳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይም ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ግራፊክሱ እያንዳንዳቸው ስንት በመቶ እንደተያዙ በወረቀት ይመዝግቡ። ቀጥሎ በጌሙ ማስተካከያ ገብተው የምስሉን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ያድርጉት። ፍሬሙ በግልጽ ከጨመረ ማነቆው ግራፊክሱ ነው፤ ካልጨመረ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ምክንያቱም በስክሪኑ ላይ የሚሳሉት ነጥቦች ሲያንሱ ሥራ የሚቀልለው ለግራፊክሱ እንጂ ለፕሮሰሰሩ አይደለም። ይህ ሙከራ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ብዙ ሰው ግን እሱን ዘሎ በቀጥታ ወደ ፒያሳ ሱቆች ይሄዳል፣ እኔንም በየጊዜው የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው። በገለጹት ኮምፒውተር ላይ ፍሬሙ እንደሚጨምር፣ ማነቆውም ግራፊክሱ እንደሚሆን እጠብቃለሁ።

ወደ ግዢው ከመግባታችን በፊት የሲስተም ዩኒቱን ክዳን ይክፈቱ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት የሚነሣው አቧራ በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ተጠቅጥቆ እንደ ግራጫ ብርድ ልብስ ይጋገራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት ዐቅሙ ያነሰ በመሆኑ አንድ ዓይነት ፋን እዚህና በባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ እኩል አያቀዘቅዝም። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ጌሙ መጀመሪያ ደኅና ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚደክም ከሆነ ሙቀትን ይጠርጥሩ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያንሡ፤ ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ደርቆ እንደ ኖራ ከሆነም ያስቀይሩት። ከዚህ የረከሰ ማሻሻያ የለም።

አሁን ወደ ራም እንምጣ። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ምስል የሚስለው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ በተሠራው ግራፊክስ ሲሆን፣ ይህ ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ራሙን ይጋራል። እርስዎ ያለዎት ራም አንድ ፍሬ በመሆኑ ዳታው የሚመላለሰው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ የተለመደው ባለ 1600 ዲዲአር3 የተባለው የራም ዓይነት በአንድ መስመር በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ ሁለተኛ ፍሬ በትክክለኛው ቦታ ሲገባ ግን 25.6 ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ ባለ 8 ጊጋባይት ራም መጨመር መጠኑን ብቻ ሳይሆን የመንገዱንም ስፋት እጥፍ ያደርገዋል። ሲገዙ ዲዲአር3 የዴስክቶፕ ራም መሆኑን ያረጋግጡ። የዲዲአር3 እና የዲዲአር4 ርዝመት አንድ ቢሆንም ከታች ባለው ወርቃማ ጥርስ መካከል ያለው ስንጥቅ ቦታው ይለያያል፤ አልገባ ያለውን በግድ መግፋት ማስገቢያውን ይሰብራል። ያገለገለ ከሆነም ከሱቁ ሳይወጡ አስገብተው ይሞክሩት፣ ቤት ሲደርሱ ሜምቴስት86 በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ያስፈትሹት። ሲፒዩ ዚ የተባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ራሙ በሁለት መስመር እየሠራ መሆን አለመሆኑን ያሳይዎታል።

ፍሬሙን በእውነት የሚለውጠው ግን ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ካርድ ከነካርቶኑ ይዞልኝ መጣ። ኮምፒውተሩ እንደ እርስዎ ቀጭን ነበር። ክዳኑን ከፍተን ካርዱን በማስገቢያው ላይ ስናቆመው ከሳጥኑ ጠርዝ በላይ ሁለት ጣት ያህል ተርፎ ታየ፤ ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለውን ክፍል) ስንመለከት ደግሞ ካርዱ የሚጠይቀው ባለ ስድስት ቀዳዳ የኃይል ገመድ ጭራሹኑ አልነበረውም። ካርዱ ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ግን ለዚያ ሳጥን አልተሠራም። ሻጩም መልሶ ለመቀበል ፈቃደኛ ስላልሆነ ወጣቱ በኪሳራ ሸጠው።

በእርስዎ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ሎው ፕሮፋይል የሚባለው አጭር ካርድ ነው። መደበኛው ካርድ ቁመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የዚህኛው 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጀርባው የሚታሰረው ብረትም አጭሩ መሆን አለበት። ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ፣ ማለትም ማስገቢያው ራሱ በሚሰጠው 75 ዋት የሚሠራ መሆኑንም ያረጋግጡ። ይህን የሚያሟሉና ለሚጫወቱት ጌም የሚበቁ ሁለት ካርዶች እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ሲሆኑ፣ ሁለቱም 4 ጊጋባይት ማስታወሻ አላቸው። ፓወር ሰፕላይዎ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለፕሮሰሰሩ ቢበዛ 84 ዋት፣ ለካርዱ 75 ዋት፣ ለተቀረው 40 ዋት ቢያዝ ድምሩ 200 ዋት ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ በፓወር ሰፕላይዎ ላይ በተለጠፈው ወረቀት 255 ዋት የሚል ካገኙ ይበቃዎታል። ርካሽ ነው ተብሎ ጂቲ 710 ቢቀርብልዎ አይግዙት፤ ኮምፒውተሩ አሁን ካለው ግራፊክስ እምብዛም አይሻልም። ከዚህ የከፋው ደግሞ አሮጌ ካርድ ውስጡ ተነካክቶ በ1050 ቲአይ ስም የሚሸጥበት ማጭበርበር ነው፤ ጂፒዩ ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሐሰተኛውን ለይቶ ስለሚናገር በፍላሽ ይዘውት ይሂዱ፣ ሻጩ ለማስፈተሽ እንቢ ካለ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ። ስክሪንዎ ቪጂኤ የተባለው አሮጌ የገመድ ማስገቢያ ብቻ ያለው ከሆነ 1650 የቪጂኤ መውጫ ስለሌለው የኤችዲኤምአይ መቀየሪያ ወጪን ከወዲሁ ይያዙ። ካርዱ ከተገጠመ በኋላም የስክሪኑ ገመድ በካርዱ ላይ እንጂ በቀድሞው ቦታ አይሰካ፤ ካርድ ገዝተው ምንም ለውጥ አላየንም ብለው የመጡ ደንበኞችን በዚህ ብቻ የሸኘሁባቸው ጊዜያት አሉ።

ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ምትክ የሚገባው ፈጣን ማከማቻ) ፍሬም አይጨምርም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የሚያደርገው ጌሙ ሲከፈትና ማፕ ሲጫን የሚባክነውን ጊዜ ማሳጠር፣ እንዲሁም ኮምፒውተሩ ፋይል ፍለጋ ሲባዝን የሚፈጠረውን ድንገተኛ መቆራረጥ ማስቀረት ነው። በታስክ ማናጀር ላይ ጌሙ በሚቆራረጥበት ቅጽበት ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ካዩት ከግራፊክስ ካርዱ በፊት ኤስኤስዲ ይቅደም። ጌሙ ብቻውን 85 ጊጋባይት ያህል ስለሚጠይቅ ባለ 256 ጊጋባይት ቢገዙ ይሻላል።

ፕሮሰሰሩን ወደ ኮር አይ7 መቀየርን የመጨረሻ ያድርጉት፤ ምናልባትም ይተዉት። ዋናው ምክንያቴ ይህ ነው፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፣ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርን ደግሞ ለዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ኮምፒውተርዎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መተካቱ አይቀርም። ኤስኤስዲውንና ግራፊክስ ካርዱን ነቅለው ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ይወስዷቸዋል፤ የዚህ ትውልድ ፕሮሰሰርና ዲዲአር3 ራም ግን እዚያው ይቀራሉ። አብሮዎት ለሚሄደው ዕቃ እጅዎን ይዘርጉ፣ ለሚቀረው ይቆጥቡ። ሽጠህ ግዛ ያለዎት ባለሱቅም በሁለት ዓመት ውስጥ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ግን 30 ሺህ ብርዎ ከራሙና ከካርዱ የተሻለ ነገር የሚያመጣልዎ አይመስለኝም። ለሁለቱ ካልበቃም ራሙን አሁን ገዝተው ለካርዱ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ዶታ 2 ስጫወት ፒንጌ (ምልክት ወደ ጌሙ ሰርቨር፣ ማለትም ጌሙን ወደሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ በሚሊሰከንድ) አንዴ 90፣ አንዴ 300 ይላል። ላፕቶፔ ጥሩ ነው፣ ፍሬሙም አይወርድም። ቤታችን የ4ጂ ራውተር አለ። ራም ወይም ለጌም ተብሎ የተሠራ የዋይፋይ ካርድ ብገዛ ይስተካከላል? (አንባቢ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ራም አያስተካክለውም። ሁለቱንም ላግ ብለን ስለምንጠራቸው ይምታታሉ እንጂ ፍሬም የኮምፒውተሩ፣ ፒንግ ደግሞ የመንገዱ ጉዳይ ነው። ምልክት በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ለምሳሌ ከጎንደር አውሮፓ እስካለችው ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ 4,900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከ49 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም፤ ዱባይ ግን 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዝቅተኛው 23 ነው። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አገራችን የባሕር በር ስለሌላት በጎረቤት አገሮች አልፎ ወደ ባሕር ሥር መስመር ይገባል። ይህን ርቀት የሚያሳጥር ዕቃ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም። በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ግን የዱባይን ሰርቨር መምረጥ ይችላሉ፤ መስመሩ በአውሮፓ ዞሮ የሚደርስበት ጊዜ ሊኖር ስለሚችል የዱባይንና የአውሮፓን ሰርቨር ፒንግ አይተው ይወስኑ።

የእርስዎ ዋና ችግር ግን ርቀቱ ሳይሆን ከ90 ወደ 300 መዝለሉ ነው። መንሥኤውን ለማግኘት ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው ፒንግ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉና የራውተሩን አድራሻ አስከትለው መልሱን ያንብቡ፤ አድራሻው ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜም 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ነው። ቀጥሎ ያንኑ ለ8.8.8.8 (በኢንተርኔት ላይ ላለ የጉግል አድራሻ) ይድገሙት። ወደ ራውተሩ የሚሄደው ራሱ 40 እና 100 ሚሊሰከንድ የሚል ከሆነ ጥፋቱ በቤትዎ ዋይፋይ ላይ ነው፤ በተለይ በጥቁር ድንጋይ በተሠሩ ወፍራም ግድግዳዎች ምልክቱ ክፉኛ ይዳከማል። ያን ጊዜ የዋይፋይ ካርድ ሳይሆን የኔትወርክ ገመድ ይግዙ፤ ተራው ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳል፣ ወደ ራውተሩ ያለው ፒንግም 1 ወይም 2 ይሆናል። ወደ ራውተሩ ያለው ደኅና ሆኖ ወደ 8.8.8.8 ያለው ብቻ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከራውተሩ እስከ ኔትወርክ ማማው ነውና ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተው ማማው ባለበት አቅጣጫ ከፍ ካለ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። እየተጫወቱ ሳለ የቤተሰቡ ስልኮች ቪዲዮ የሚጭኑ ወይም ራሳቸውን የሚያድሱ ከሆነም ያቺው ጠባብ መስመር ትጨናነቃለችና አስቀድመው ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ። መብራት በጠፋ ቁጥር የልጄ ኮምፒውተር አልነሣ እያለ ሁለት ጊዜ አሠራነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው ተባልን። እሱ አዲስ ግዙልኝ ይላል። ሳጥኑን ስነካውም ይነዝረኛል። (እናት፣ ከቅዳሜ ገበያ)

መልስ፦ እናታችን፣ አዲስ ኮምፒውተር ቢገዙም ያው መብራት ያበላሸዋልና አስቀድመው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ይግዙ። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን መብራት ያስተካክላል እንጂ ሲጠፋ አያቆይም። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ዩፒኤስ ግን ሁለቱንም ስለሚሠራ ሁለት ዕቃ አያስገዛዎትም፤ ባለ 650 ቪኤ ለአንድ ተራ ኮምፒውተር ይበቃል። የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ልጅዎ በዚያ ጊዜ ጌሙን አቋርጦ በአግባቡ ማጥፋት አለበት። ሃርድ ዲስኩም በኤስኤስዲ ይተካ፤ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ድንገተኛ መጥፋት ግን እሱንም ሊጎዳ ስለሚችል ዩፒኤሱን አይተካም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ ምጣዱ በተሰካበት መስመር ላይ ኮምፒውተሩ አይሰካ፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ስክሪኑ ብልጭ የሚል ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የሚነዝርዎ ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ነው። ሶኬቱ የመሬት ገመድ ስለሌለው ወይም ስለተበጠሰ ሳይሆን አይቀርም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተው እስኪያዩት ድረስ ልጅዎ በባዶ እግሩ ሆኖ ሳጥኑን እንዳይነካ ይንገሩት፤ ሦስተኛውን እግር ቆርጦ በሁለት ቀዳዳ ሶኬት መሰካትም ይቅር።