ሦስተኛ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

«በአንድ ዓመት ሁለት ባትሪ ቀይሬ፣ መኪናዬ ሦስት ቀን ከቆመች አሁንም አልነሳም ትላለች» ላሉት ጠያቂ፦ እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍሁ ስለሆነ ጥፋቱ የባትሪው አይመስለኝም። አዲሱም እንደ አሮጌው ከወረደ፣ ኃይሉን የሚጠጣ ወይም እንዳይሞላ የሚከለክል ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

መኪናዋ ካደረች በኋላ፣ ቁልፍ ሳይነኩ፣ የባትሪውን ቮልቴጅ በቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። ሞተሩ ተነስቶ ሲለካ ደግሞ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞና እሱን የሚያዞረውን ቺንጋ (ቀበቶ) ያስመርምሩ።

ዲናሞው ደህና ከሆነ፣ ሁሉን አጥፍተውና በሮቹን ዘግተው የኔጋቲቩን ገመድ ይፍቱ፤ ከዚያም ቴስተሩን አምፔር እንዲለካ አድርገው በገመዱና በባትሪው መካከል ያስገቡት። የመኪናዋ ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ይህን ባለማወቄ መጀመሪያ በከንቱ ደንግጫለሁ። ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ጤናማ ነው። በዚህ ሁኔታ ሳለ ሞተር ለማስነሳት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል።

የእኔዋ 400 ሚሊአምፔር ያህል ትስብ ነበር። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስነቅል፣ የውስጥ መብራቶቹ ፊውዝ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ወደ 30 ወረደ። ፊውዙን መልሼ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ስከፍት፣ አምፖሉ ጣት የማያስነካ ያህል ግሎ አገኘሁት፤ ክዳኑ ሲዘጋ መብራቱን የሚያጠፋው ስዊች ተሰብሮ ኖሯል። አምፖሉ 5 ዋት ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሦስት ቀን ወደ 30 አምፔር ሰዓት ይጠጣል፣ የባትሪዬ ጠቅላላ አቅም ደግሞ 45 ነበር። እንዲህ ደጋግሞ ባዶ የሚሆን ባትሪ፣ በውስጡ ባሉት ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ስለሚጠነክርበት አዲስም ቢሆን አቅሙን ያጣል፤ «ባትሪው ሞቷል» ያለኝ ባለሙያ ስለ ባትሪው እውነቱን ነበር፣ የገደለውን ግን አልፈለገም።

ባትሪው 12.6 እያሳየ ቁልፍ ሲዞር አንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት መኖሩን፣ የማሳው ገመድ (ኔጋቲቩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው) መጥበቁን፣ በመጨረሻም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ይመልከቱ። የለኳቸውን ሦስቱን ቁጥሮች እዚሁ ቢጽፉልን፣ ቀጥሎ የት መፈለግ እንዳለብዎ ለመናገር ይቀለናል።