ወረርሽኙ ሁሉንም እኩል ነክቷል? ከሰሜን ሸዋ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

በጤና መኮንንነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ቆላውንም ደጋውንም። ባለፈው ስለ ኮሮና ዘመን ስጽፍ «በሽታው ብሔርና ሃይማኖት ባይለይም ጉዳቱ ግን ለይቷል» ብዬ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር የጥያቄ ናዳ አመጣችብኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ስድቦቹን ለባለቤቶቻቸው ትቻለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ቫይረስ መታወቂያ አያይም። ሀብታሙንም ድሃውንም ይዟል። «አናሳዎች የበለጠ ተጎዱ» የሚባለው የፈረንጅ ፖለቲካ አይደለም?

ቫይረሱ መታወቂያ አያይም፣ ልክ ነህ። ቀጣሪው ግን ያያል። ቤት አከራዩም፣ የድንበር ፖሊሱም ያያሉ።

የእንግሊዝን ቁጥር እንይ፤ እነሱ ቆጥረዋልና። በ2020 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ማዕበል ላይ በእንግሊዝና በዌልስ አንድ ጥቁር ሰው በኮቪድ የመሞት ዕድሉ፣ በዕድሜ ከሚመስለው ነጭ ከ4 እጥፍ በላይ ነበር። ባለሙያዎቹ ቀጥለው የሚኖርበትን ሰፈር፣ የቤቱን ጥበት፣ የገቢውንና የጤናውን ሁኔታ አስገብተው እንደገና አሰሉት። ልዩነቱ ወደ 2 እጥፍ ገደማ ወረደ። ግማሽ ያህሉ የኑሮ ጣጣ ነው ማለት ነው። የቀረው ደግሞ «ደም ነው» አያሰኝም። ሥራ አለ። አውቶቡስ የሚነዳው፣ ሆስፒታል የሚያጸዳው፣ አረጋዊ የሚንከባከበው ማን ነው? እቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር የሚሠራውስ? በእንግሊዝ በኮቪድ የሞቱት የመጀመሪያዎቹ 10 ሐኪሞች በሙሉ የስደተኛ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ከነሱ ሁለቱ የጎረቤታችን የሱዳን ተወላጆች ናቸው። ሐኪም ድሃ አይደለም። ግን ፊት ለፊት የተሰለፈው እሱ ነው።

ከደብረ ሲና፦ በመጀመሪያ ሰሞን «ጥቁር ሰው አይነካውም» ይባል ነበር። ከየት መጣ?

ከምኞት። አፍሪካ ውስጥ ሞቱ ያነሰው በዋናነት ወጣት ስለሆንን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሕዝቡ ግማሹ ከ20 ዓመት በታች ነው፤ ኮቪድ ደግሞ አረጋዊ ላይ ይበረታል። በአሜሪካ የጥቁሮች አማካይ የመኖር ዕድሜ በ2020 በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 3 ዓመት ገደማ ቀንሷል። የነጮቹ የቀነሰው በአንድ ዓመት ከምናምን ነው። ቆዳ የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ እዚያም ባስጣለ።

ከአታዬ፦ እህቴ በ2012 ከሳዑዲ ተጠርዛ መጣች። ሰፈር ስትገባ ሰው በር ዘጋባት። እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ይህ ከአናሳነት ጋር ምን አገናኘው? እሷ እኮ የሀገሯ ልጅ ናት።

እህቴ፣ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ልቤን የነካው የአንቺ ነው። ትንሽ ልዘርዝር።

እህትሽ ሁለት ጊዜ አናሳ ሆናለች። መጀመሪያ እዚያ። የኛ ልጆች በአታዬ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ፣ በወሎ አድርገው በጅቡቲ ባሕር ይሻገራሉ፤ የመንን አቋርጠው ሳዑዲ ይገባሉ። ወረርሽኙ ሲመጣ በሚያዝያ 2012 የሁቲ ኃይሎች ከሰሜን የመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን «ኮሮና ተሸካሚዎች» ብለው በጥይት እያስፈራሩ ወደ ሳዑዲ ድንበር አባረሩ። የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎችም ተኮሱባቸው። የተረፉት ጂዛንና ሌሎች እስር ቤቶች ገቡ። እዚያ ሰው በሰው ላይ ነው የተኛው። ሙቀቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ የውሃ እጦቱ፣ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች የጻፉት ሁሉ ከመጡት ልጆች አፍ ከሰማሁት ጋር አንድ ነው። «ሁለት ሜትር ተራራቁ» የሚለው ምክር እዚያ ቀልድ ነበር። በዚያው ወር ሳዑዲ በሺዎች የሚቆጠሩትን በአውሮፕላን ጭና ላከች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት «ለጊዜው ይቁም፣ ኢትዮጵያ ለይቶ ማቆያ አልተዘጋጀላትም» ብሎ ለመነ።

ቤሩት ደግሞ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያወረዱ ሄዱ። ሲንጋፖር ውስጥም ከእስያ የመጡ የግንባታ ሠራተኞች በአንድ ክፍል ተጠቅጥቀው ያድሩ ነበርና፣ በ2020 በሀገሪቱ ከተመዘገቡት ታማሚዎች ከ10 ዘጠኙ እነሱ ነበሩ።

ሁለተኛው አናሳነት እዚህ ነው። ለይቶ ማቆያው ራሱ ለሁሉም አንድ አልነበረም። ገንዘብ ያለው መንገደኛ ሆቴል ከፍሎ ገባ። ተጠርዞ የመጣው ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ቀዬው ሲደርስ «የዐረብ ሀገር ኮሮና» ተባለ። 14 ቀን ተለይቶ፣ ተመርምሮ የወጣ ሰው ከማንኛችንም የተሻለ ንጹሕ ነበር እኮ! እኛ ነን ገበያ ስንገፋፋ የዋልነው። ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ከሸዋ ሮቢት፦ አሰላሙ አለይኩም። በኮሮና ጊዜ ጀናዛ እንደ ደንቡ ማጠብ ከልክለውን ነበር። ሙስሊም ስለሆንን ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። እዚህ የተከለከለው ለሁሉም ነው። ክርስቲያኑም ፍትሐቱ አጥሮበታል። ሬሳው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አራት ሰዎች ነጭ የመከላከያ ልብስ ለብሰው ሲያወርዱት፣ ልጆቹ ከሩቅ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እድሩ ድንኳን ሳይተክል ቀረ። በኛ አገር ለቅሶ ያልተደረሰለት ሰው እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ ያ ቁስል ገና አልሻረም።

ግን «ሙስሊም ስለሆኑ» የተባለው ነገር ሌላ ቦታ በእርግጥ ተደርጓል። ስሪላንካ ውስጥ ከሕዝቡ ከ10 አንዱ ሙስሊም ነው። መንግሥት በ2020 በኮቪድ የሞተ ሁሉ ይቃጠል ብሎ አዘዘ። የዓለም ጤና ድርጅት መቅበር ይቻላል እያለ ነው እንግዲህ። 20 ቀን የሆነው ሕፃን ሳይቀር ከወላጆቹ ፈቃድ ውጪ ተቃጥሏል። ትእዛዙ የተነሣው በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2024። ውጤቱን የጤና ባለሙያ ያውቀዋል፤ ሰው ሬሳው እንዳይቃጠልበት ሲል ሕመሙን ይደብቃል።

ሕንድ ውስጥም እንዲሁ። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ዴልሂ፣ ኒዛሙዲን ላይ የተብሊግ ጀማዓ፣ የእስልምና ሰባኪዎች ማኅበር፣ ስብሰባ ነበር። ከዚያ በሽታ ተዛምቷል፣ አይካድም። ግን ሌላም ስብሰባ በየቦታው ነበር፤ በየቀኑ መግለጫ ተለይቶ የተቆጠረው የነሱ ብቻ ሆነ። ሙስሊም አትክልት ሻጭ ከየሰፈሩ ተባረረ። በነሐሴው የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውጭ አገር ተብሊጎች ላይ የተመሠረተውን ክስ ሰርዞ፣ ሰዎቹ የሌላ ጥፋት መሸከሚያ ተደርገዋል አለ።

ከአልዩ አምባ፦ እኛ አርጎባዎች በኮሮና ምን ያህል ሰው እንዳጣን የሚያሳይ ቁጥር አለ?

በብሔር የተለየ ቁጥር አልወጣም። በየቀኑ ይነበብልን የነበረው መግለጫ ዕድሜ፣ ጾታና ቦታ ነበር። በመላው ሀገሪቱ በይፋ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 ትንሽ ይበልጣል፤ ይህም የተመረመረው ብቻ ነው። ከአልዩ አምባ ታሞ ወደ አንኮበር ወይ ደብረ ብርሃን ለመውጣት ያን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቤቱ የሞተው አልተቆጠረም።

እውነቱን ለመናገር በብሔር አለመቆጠሩ ግማሽ ልቤን ደስ ይለዋል። በዚያ ሰሞን «ይህን ያህል ከእነ እገሌ» የሚል ዜና ቢወጣ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት። ግን ካልቆጠርን የተጎዳውን አናይም። ፈረንሳዮች ዘር መቁጠር በሕግ ስለማይፈቀድላቸው የትውልድ አገር ቆጠሩ። በመጋቢትና ሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ የተወለዱት ሞት ካለፈው ዓመት በ22 በመቶ ጨመረ። ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ የመጡት በ114 በመቶ። ልዩነቱ ያፈጠጠ ነው፣ ማንም ግን ብሔሩን አልተጠየቀም። እኛም በቀበሌ፣ በሥራ፣ ከጤና ጣቢያ ባለው ርቀት መቁጠር እንችላለን። ሸማኔው ገበያ ሲዘጋ ምን በላ? ይህን መጠየቅ ይቻላል። የሸማኔ ደሞዝ በየወሩ ባንክ አይገባም። ኩታው ካልተሸጠ ድሩም አይገዛም።

ቋንቋም አለ። ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት የሚነገረን ምክር ትዝ ይላችኋል? እስክንሰለቸው ሰማነው። አማርኛ በደንብ የማይሰሙ የቆላ አፋር እናት ግን ምን ተረዱ?

ከአንኮበር፦ የኛ አካባቢ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በደህና ቀንም «ቡዳ» ይባላል። በወረርሽኝ ጊዜ አይብስም?

ይብሳል። ወረርሽኝ አዲስ ጥላቻ አይፈጥርም፣ የነበረውን ያነቃዋል። በሰሜን ሸዋ ጠይብ የተባሉት፣ ከነሱም ቤተ እስራኤል የሆኑት፣ ማረሻውን ሠርተው፣ ምጣዱን ጋግረው እየሰጡ የልጅ ሕመም በነሱ ሲላከክ ኖሯል። ሰው ምክንያቱ ካልገባው «ማን በላው?» ይላል።

አውሮፓም ይህንኑ አድርጋለች። በ1349 እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር፣ ስትራስቡርግ ከተማ አይሁዶቿን «ጉድጓድ ውሃ መረዛችሁ» ብላ በእሳት ፈጀች። «ጥቁር ሞት» የተባለው የዚያ ዘመን ወረርሽኝ እኮ ገና ከተማዋ አልደረሰም ነበር! የካቶሊኮቹ ርዕሰ ጳጳስ ቀሌምንጦስ 6ኛ ዓመት ቀድሞ «አይሁዶቹም እየሞቱ ነው፣ አይሁዳዊ በሌለበትም ሰው እየሞተ ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። የሰማው የለም። በመጋቢት 2012 እኛም ጎዳና ላይ ፈረንጅ ስናይ «ኮሮና! ኮሮና!» ብለናል፤ የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ እስከማውጣት ደርሷል።

ከደብረ ብርሃን፦ እኔ ጴንጤ ነኝ። ያኔ «እናንተ ናችሁ ተሰብስባችሁ የምታዛምቱት» ተብለናል። መልስዎን እፈልጋለሁ።

ዝግ አዳራሽ፣ ረጅም ሰዓት፣ ከፍ ያለ ዝማሬ፣ ይህ ለቫይረሱ ምቹ ነው። ይህን ለአንተም እላለሁ፣ በጸበል ቦታ ለሚጋፋው ለእኛም ወገን እላለሁ። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም ማደሪያው ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ስለዚህ አዳራሹን ዝጉ ማለት ተገቢ ነው፤ በ2012 ትንሣኤን በቴሌቪዥን ነው ያከበርነው፣ ሙስሊሞቹም ተራዊሕን እቤታቸው ሰግደዋል። ሰዎቹን ማውገዝ ግን ሌላ ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የሺንቾንጂ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከመጀመሪያው ዙር ታማሚዎች ከግማሽ በላይ ነበሩ። ሕዝቡ ሲዘምትባቸው ብዙዎቹ አባልነታቸውን ደበቁ፤ ፈልጎ መመርመር ከበደ። ስድብ ለጤና ሥራ ጠላቱ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ነርስ ነኝ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጥቁር ቆዳ ላይ ይሳሳታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። መሣሪያው ብርሃን በቆዳ አሳልፎ ነው የሚያነበው፤ የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ይሻማል። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ92 እስከ 96 ያነበበላቸውን ታካሚዎች ከደም ሥር በተወሰደ ደም አመሳከረ። ከጥቁሮቹ ወደ 12 በመቶው ትክክለኛ ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ነበር። ከነጮቹ 4 በመቶ ያህሉ። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ 93 ወይ 94 ካየሽ በቁጥሩ ብቻ አትተማመኚ። አተነፋፈሱን ቁጠሪ፣ ከንፈሩን እዪ፣ ትንሽ አስረምጂውና እንደገና ለኪ። ጥፍር ቀለምና ሂና ካለም ሌላ ጣት ፈልጊ።

ከመንዝ፦ አያቴ ስለ ኅዳር በሽታ ይተርኩ ነበር። ያኔስ ጉዳቱ እኩል ነበር?

የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ጥሏል። አዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው ከዚያ ወዲህ ነው። በዓለም ግን እኩል አልነበረም። ኒውዚላንድ ውስጥ ማኦሪዎች ከነጮቹ በብዙ እጥፍ ሞተዋል። ሳሞአ ደግሞ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያሉ፣ ለሁለት የተከፈሉ ደሴቶች ናቸው፤ ምዕራቡን ኒውዚላንድ ያስተዳድር ነበር፣ ምሥራቁን አሜሪካ። ምዕራብ ላይ ከኦክላንድ የመጣች ታሉኔ የምትባል መርከብ ታማሚ ጭና ያለ ክልከላ ወደብ ገባች፤ ከአምስት ሰው አንዱ አለቀ። የምሥራቁ አስተዳዳሪ ወደቡን ዘጋ። አንድም ሰው አልሞተም። ሕዝቡ አንድ ዘር፣ አንድ ቋንቋ ነው። የተለየው ወደቡን የያዘው ሰው ነው።